ቨርጂኒያ 6ቱን ትርፍ ወንበር ከየት አመጣች?

አሜሪካ ሆናችሁ ለዜግነት ፈተና ያጠናችሁ ይቺን ጥያቄ ታስታውሷታላችሁ። አንዳንድ ግዛቶች ከሌሎቹ የበለጡ የምክር ቤት ተወካዮች ያሏቸው ለምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ የሕዝብ ብዛታቸው ስለሚለያይ። ሸምድዶ መግባት ነው። ዛሬ መልሱ ልክ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከተጻፈበት ከ1787 አንስቶ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ግን በዚህ መልስ ውስጥ አንድ የሚጎረብጥ ነገር ነበር። ሕዝብ ሲባል ማን ማን ነው? የተቆጠረው ሰውስ የሚወከለው በማን በኩል ነው? (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንብቧቸው።)

በቁጥር ልጀምር፣ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ1790 ተካሄደ። ማሳቹሴትስ፣ ያኔ በሥሯ ከነበረችው ከሜይን ጋር፣ 475,327 ሰው ተቆጠረባት። አንድም በባርነት የተያዘ ሰው አልተመዘገበባትም። ቨርጂኒያ 747,610 ሰው ነበራት፣ ከእነዚህ ውስጥ 292,627ቱ ባሪያ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ነጻው ሕዝቧ ለብቻው ሲወሰድ 454,983 ነው። ልብ በሉ፣ ከማሳቹሴትስ በ20 ሺህ ያህል ያንሳል። በ1792 ኮንግረስ ለ33,000 ሰው አንድ ወንበር ብሎ ሲደለድል ማሳቹሴትስ 14 አገኘች። ቨርጂኒያ 19።

ስሌቱ ይኸውላችሁ። ሕገ መንግሥቱ ወንበር ሲደለደል በባርነት የተያዙት ሰዎች ሦስት አምስተኛ ብቻ በነጻው ሕዝብ ላይ ይደመር ይላል። 292,627ን ለ5 አካፍሉና በ3 አባዙ፣ 175,576 ይመጣል። ነጻው ሕዝብ ላይ ስትደምሩት 630,559 ይሆናል። ይህን ለ33,000 ብታካፍሉት 19 ሙሉ ወንበር ይወጣዋል። ጭማሪው ባይኖር ኖሮ 13 ነበር የሚደርሳት። በነጻ ሕዝብ ብዛት ከቨርጂኒያ ብዙም የማትርቀው ፔንሲልቬኒያ ያገኘችውም በትክክል 13 ነው።

6 ወንበር። እነዚያ 292,627 ሰዎች ግን አንዲት ድምፅ አልሰጡም። ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። የ1790ው ቆጠራ አምስት ዓምድ ነበረው፦ 16 ዓመት የሞላው ነጻ ነጭ ወንድ፣ ከ16 በታች የሆነ ነጭ ወንድ፣ ነጭ ሴት፣ ሌላ ነጻ ሰው፣ በመጨረሻ ባሪያ። በስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው። ቆጣሪው እርሻው ደጃፍ ላይ ይቆምና የጌታውን ስም ጽፎ፣ መጨረሻው ዓምድ ውስጥ 12 ከሆኑ 12፣ 40 ከሆኑ 40 ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። እናት፣ ልጅ፣ አንጥረኛ፣ የትንባሆ ገበሬ፣ ሁሉም አንድ አሐዝ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ያ አሐዝ ነው ወንበር የሆነው።

አንድ ነገር ከዚሁ ላስተካክል። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ የሚያውቀው "ሕገ መንግሥቱ ጥቁር ሰው የሰው ሦስት አምስተኛ ነው አለ" በሚል ነው። ንዴቱ ይገባኛል፣ እኔም መጀመሪያ የሰማሁት እንደዚያ ነበር። ግን አባባሉ ነገሩን ይገለብጠዋል። ነጻ የሆነ ጥቁር ሰው እንደ ማንኛውም ነጻ ሰው ሙሉ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። በባርነት የተያዙት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቆጠሩልን ብለው የተከራከሩት ጌቶቻቸው ናቸው። ጨርሶ አይቆጠሩ ያሉት በአመዛኙ ባርነትን የሚጸየፉት ናቸው። ስለዚህ የሦስት አምስተኛው በደል ቁጥሩ ማነሱ አይደለም፣ መብዛቱ ነው። ሰዎቹ ሦስት አምስተኛ ድምፅ አላገኙም፣ ዜሮ ነው ያገኙት። ያ ሦስት አምስተኛ የሄደው ለገዥዎቻቸው ነው። (ባሪያ የሚለው ቃል እኛም ዘንድ ዛሬም ሰው የሚያቆስል ስድብ ስለሆነ፣ የሰነዱን ወይም የተናጋሪውን ቃል ካልጠቀስኩ በቀር አልጠቀምበትም።)

ቁጥሩ የተወለደው ከውክልና ሳይሆን ከግብር ክርክር ነው። ታሪኩ ይበልጥ የሚያመውም እዚህ ጋ ነው።

በ1783 አዲሷ አገር በነጻነት ጦርነቱ ዕዳ ተዘፍቃ ነበር። ኮንግረሱ ከግዛቶች የሚሰበስበው ገንዘብ በሕዝብ ብዛት ይደልደል የሚል ሐሳብ መጣ። ብዙ ሕዝብ ማለት ብዙ ክፍያ ማለት ሆነ። ያኔ የደቡብ ሰዎች በባርነት የያዟቸው ሰዎች በጥቂቱ እንዲቆጠሩላቸው ፈለጉ። ባሪያ እንደ ነጻ ሰው አይሠራም፣ ምርቱ ትንሽ ነው አሉ። ሰሜኖቹ በተቃራኒው ይቆጠሩ አሉ። መጋቢት 28 ቀን በዋለው ክርክር አንዱ አራቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ ይላል፣ ሌላው አራቱ እንደ አንድ፣ ሌላው ሁለቱ እንደ አንድ። የሳውዝ ካሮላይናው ጆን ራትሌጅ፣ እውነቱን ከተናገርን ሦስቱ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ነው ልኩ አለ። በሰው ልጅ ላይ ሲሶና እኩሌታ እያሉ ተደራደሩ። በመጨረሻ የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን አምስቱ እንደ ሦስት ይሁኑ የሚል ማስታረቂያ አቀረበ። ሐሳቡ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ግዛቶቹን ያስተሳስር በነበረው ውል ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ነበር፤ የሁሉንም ግዛቶች ስምምነት ይፈልግ ስለነበር ሳይጸድቅ ቀረ። ቁጥሩ ግን አልሞተም።

በዚያው ዓመት፣ ይህ ክርክር በተካሄደባት በፊላደልፊያ፣ ማዲሰን ቢሊ የሚባል በባርነት የያዘው ሰው አብሮት ነበር። ማዲሰን ወደ ቨርጂኒያ የሚመለስበት ጊዜ ሲቀርብ፣ መስከረም ላይ፣ ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። ቢሊን ይዤው አልመለስም አለ። አእምሮው በነጻነት ሐሳብ ስለተነካ ቨርጂኒያ ካሉት ከሌሎቹ ጋር ባይቀላቀል ይሻላል። ደግሞም እኛ ይህን ያህል ደም የከፈልንበትን፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ይገባል እያልን ደጋግመን ያወጅነውን ነጻነት ስለተመኘ ብቻ ወደ ሩቅ አገር ሸጬ ልቀጣው አይሆንልኝም። የደብዳቤው ሐሳብ ይህ ነው። ፔንሲልቬኒያ በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አውጥታ ስለነበር እዚያ ቢሊን ለተወሰኑ ዓመታት አገልግሎት እንጂ ለዕድሜ ልክ መሸጥ አይቻልም። እንደዚያው አደረገ። ሰውዬው በኋላ ዊሊያም ጋርድነር በሚል ስም ነጻ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ይህን ከሕገ መንግሥቱ ቃል ጋር አስተያዩት። ቃሉ፣ ለተወሰኑ ዓመታት አገልግሎት የታሰሩትን ጨምሮ ነጻ ሰዎች በሙሉ ይቆጠራሉ፣ ከዚያም "የሌሎች ሰዎች ሁሉ ሦስት አምስተኛ" ይጨመራል ይላል። እንግዲህ በአገልግሎት ውል ፊላደልፊያ የቀረው ቢሊ ሙሉ ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ማዲሰን ይዞት ቢመለስ ኖሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ለጌታው ወንበር የሚጨመር ሦስት አምስተኛ ነበር። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው አእምሮ። የተለወጠው የቆመበት መሬት ብቻ ነው። ይህንን ከማንም በላይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ደግሞ ቁጥሩን ያመጣው ማዲሰን ራሱ ነበር። ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያች ደብዳቤ ነው፤ ሰዎቹ አልገባቸውም ነበር የሚለውን ማስተባበያ ከሥሩ ትነቅለዋለች።

አራት ዓመት አለፈና ግንቦት 1787 የግዛቶቹ ልዑካን ሕገ መንግሥቱ ለተጻፈበት ጉባኤ ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ። 55 ሰዎች ናቸው፣ 25 ያህሉ በባርነት የያዟቸው ሰዎች ነበሯቸው። ሊቀ መንበሩ ጆርጅ ዋሽንግተንም እንደዚሁ። የተባለው እንዳይወጣ ተስማምተው በር ዘግተው ነው የተነጋገሩት። ማን ምን እንዳለ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ማዲሰን በየቀኑ ቁጭ ብሎ ከጻፈው ማስታወሻ ነው። እሱም የታተመው ከሞተ በኋላ በ1840 ነው። 53 ዓመት ሙሉ ሕዝቡ የተተዳደረበት ሕግ እንዴት እንደተደራደሩበት በቅጡ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ተገለበጠ። የሚከፋፈለው ግብር ሳይሆን ሥልጣን ሆነ፣ ብዙ ሕዝብ ማለት ብዙ ወንበር ማለት ሆነ። ክርክሩም አብሮ ተገለበጠ። በ1783 ምርቱ ትንሽ ነው ሲባል የነበረው ሰው በ1787 ምርታማ ሆነ። ሐምሌ 11 ቀን የሳውዝ ካሮላይናው ፒርስ በትለር፣ በኛ ግዛት አንድ ባሪያ የሚሠራው ሥራ በማሳቹሴትስ አንድ ነጻ ሰው ከሚሠራው አያንስም፣ ስለዚህ እኩል ይቆጠሩ ብሎ ተነሳ። ራትሌጅም በትለርም የአንድ ግዛት ሰዎች ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ የሩዝ ማሳው ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

ሦስት አምስተኛውን ጉባኤው ላይ መጀመሪያ ያነሳው ግን የደቡብ ሰው አይደለም። የፔንሲልቬኒያው ጄምስ ዊልሰን ነው፣ ሰኔ 11 ቀን፣ የሳውዝ ካሮላይናው ቻርልስ ፒንክኒ ደግፎት። ባርነትን የማይወድ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዊልሰን የትልቅ ግዛት ሰው ስለሆነ ዋናው ጉዳዩ ውክልና በሕዝብ ብዛት እንዲሆን ነው። እንደ ኒው ጀርሲና ዴላዌር ያሉት ትንንሾቹ እያንዳንዱ ግዛት እኩል ድምፅ ይኑረው ይላሉ። እነሱን ለማሸነፍ የካሮላይናዎችንና የጆርጂያን ድምፅ ይፈልጋል። የድምፁ ዋጋ ይህ ቁጥር ነበር። ያን ቀን በ9 ግዛት ድጋፍ ለ2 ተቃውሞ አለፈ (እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ነበረው)፣ የተቃወሙት ሁለቱ ትንንሾች ብቻ ናቸው። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ ግን ያኔውኑ ጠየቀ። በደቡብ ንብረት ናቸው ካላችሁ፣ ከሰሜን ከብትና ፈረስ በምን ተለይተው ለውክልና ይገባሉ? ጥያቄው ራሱ ይቆረቁራል፣ ሰውን ከከብት ጋር ያስተካክላልና። ግን ንብረት ናቸው ያሉት እነሱ ናቸው፤ በገዛ ቃላቸው ነው የያዛቸው።

ሐምሌ 9 ቀን የኒው ጀርሲው ዊሊያም ፓተርሰን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ አነሳው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው በባሪያዎቹ ቁጥር ልክ ድምፅ አለው ወይ? የለውም። በገዛ ግዛታቸው የማይወከሉ ሰዎች በአገር ደረጃ በምን ሒሳብ ይወከላሉ? ፓተርሰን ሌላም ነገር አለ። የ1783ቱ ኮንግረስ ይህን ሐሳብ ሲጽፍ ባሪያ የሚለውን ቃል ስላፈረበት በሌላ አገላለጽ ተካው አለ። ጉባኤውም ይህን ሰምቶ ያንኑ ደገመ። በመጨረሻው ሰነድ ላይ ቃሉ የለም። "ሌሎች ሰዎች ሁሉ" ነው የሚለው።

እዚህ ጋ አንድ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። ሴቶችም ሕጻናትም ተቆጥረዋል፣ እነሱም አልመረጡም። እውነት ነው፣ ያም ራሱን የቻለ በደል ነው። ግን የአንድ የማሳቹሴትስ ገበሬ ሚስትና ልጆች ስለተቆጠሩ ኮንግረስ የገባው ተወካይ፣ እነሱን በጨረታ የሚያሸጥ ሕግ ሊያስጠብቅ አልገባም። ዛሬም ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሐበሻ ይቆጠራል፣ አይመርጥም። የእሱ ባለቤት ነኝ የሚል ግን የለም፣ ዜግነቱን ሲያገኝ ይመርጣል። የቨርጂኒያው ሰው የተቆጠረው ለጠላቱ ነው። እሱ በበዛ ቁጥር ሰንሰለቱን የሚያጠብቁት ወንበሮች ይበዛሉ።

ወደ ሐምሌ 11 ልመለስ። በትለርና ጄኔራል ፒንክኒ (የቻርልስ ዘመድ ነው፣ ሌላ ሰው) ሦስት አምስተኛው ይቅርና ሙሉ ይቆጠሩ የሚለውን ሐሳብ ለድምፅ አቀረቡ። 3 ለ7 ወደቀ። ያን ቀን ዊልሰንም ተቸገረ። ዜጎች ከሆኑ ለምን ከነጮቹ እኩል አልሆኑም? ንብረት ከሆኑ ለምን ሌላው ንብረት አልተቆጠረም? መርሁ አይታየኝም፣ ግን መስማማት የግድ ነው አለ። ከዚያ ሦስት አምስተኛው ራሱ ለድምፅ ቀረበና 4 ለ6 ወደቀ። ሳውዝ ካሮላይና ያንሳል ብላ፣ ሌሎቹ በአብዛኛው ይበዛል ብለው። ለአንድ ሌሊት ያህል ይህ ቁጥር በጉባኤው ውሳኔ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ፣ ሐምሌ 12፣ ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ የፔንሲልቬኒያው ጎቨርነር ሞሪስ (ጎቨርነር ስሙ ነው፣ ሹመቱ አይደለም) ግብርም እንደ ውክልናው ይደልደል አለ። ብዙ ወንበር የሚፈልግ ብዙ ይክፈል ማለት ነው። ይህ የሰሜኖቹን ፊት አስከበረ፣ ቢያንስ የሚሉት ነገር አገኙ። ከዚያ የኖርዝ ካሮላይናው ዊሊያም ዴቪ ተነሳ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ያን ቀን ግን ቁርጡን ነገራቸው። ግዛቴ ቢያንስ ሦስት አምስተኛ ካልተቆጠረላት ኅብረቱ ውስጥ አትገባም። ጨርሶ እንዳይቆጠሩ ካሰባችሁ ይህ ሥራ እዚሁ ላይ አበቃ። በዕለቱ መጨረሻ 6 ደገፉ፣ 2 ተቃወሙ፣ የ2 ግዛቶች ልዑካን እኩል ተከፈሉ። ትናንት የወደቀው ዛሬ አለፈ።

ብዙ ጊዜ ይህ የግድ ነበር፣ አለበለዚያ አሜሪካ የምትባል አገር አትኖርም ነበር ይባላል። እኔ ይህን በቀላሉ አልቀበልም። የዴቪ ዛቻ ተሞክሮ አያውቅም። ማንም እስቲ ውጡ አላላቸውም። ጆርጂያን ውሰዱ። ሕዝቧ ትንሽ ነው፣ ክሪክ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ጦርነት አፋፍ ላይ ነበረች፣ በደቡቧ የስፔን ግዛት ፍሎሪዳ አለ። ብቻዋን ትቆም ነበር? ሕገ መንግሥቱ ሲቀርብላት በጥር 1788 ያለ አንድ ተቃውሞ ነው ያጸደቀችው። ኅብረቱን ከማንም በላይ የምትፈልገው እሷ ነበረች። ሰሜኖቹ የተሸነፉት በኃይል አይደለም፤ ጉዳዩ የራሳቸውን ሕይወት ስላልነካ ቶሎ ሰለቻቸው። አዳራሹ ውስጥ ከተቆጠሩት ሰዎች አንድም ተወካይ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በሁለት ቀን ያልቅ ነበር ብዬ አላምንም።

ሞሪስ ራሱ ቆጨው። ሐምሌ 24 ቀን፣ ያ የግብር ነገር ገደሉን መሻገሪያ ድልድይ ብቻ ነበር፣ አሁን ተሻግረናልና ይነሳ አለ። ድልድዩ ተነሳም አልተነሳም ያ ቁጥር ወዲያ ማዶ ደርሶ ነበር። ነሐሴ 8 ቀን በጉባኤው ሁሉ ከተደረጉት ንግግሮች ጠንካራውን አደረገ። ሰዎች ናቸው ወይ? እንግዲያውስ ዜጋ አድርጓቸውና ይምረጡ። ንብረት ናቸው ወይ? ታዲያ ሌላ ንብረት ለምን አልተቆጠረም? ነገሩን ገልጦ ስናየው፣ አለ ሞሪስ፣ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ሄዶ ሰዎችን ከሚወዷቸው ነጥቆ ወደ ጨካኝ ባርነት የሚጥል የጆርጂያና የሳውዝ ካሮላይና ሰው፣ ለሰው ልጅ መብት ጥበቃ በተቋቋመ መንግሥት ውስጥ፣ ይህን ድርጊት ከሚጸየፍ የፔንሲልቬኒያ ሰው የበለጠ ድምፅ ይኖረዋል ማለት ነው። ከዚያ "ነጻ" የምትል አንዲት ቃል ነዋሪዎች ከሚለው ፊት ትግባ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። 1 ለ10 ወደቀ። የደገፈችው ኒው ጀርሲ ብቻ ናት። የገዛ ግዛቱ ፔንሲልቬኒያ እንኳ አልደገፈችውም።

ሞሪስ የተናገረው ስለ ሽልማቱ ነው። ብዙ ሰው ባመጣህ ቁጥር ብዙ ወንበር ታገኛለህ። ጉባኤው ደግሞ ኮንግረስ እስከ 1808 ድረስ የባሪያ ንግዱን እንዳያግድ ወሰነ። ሳውዝ ካሮላይና ዘግታው የነበረውን ንግድ በ1803 መጨረሻ ላይ እንደገና ከፍታ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ በመርከብ አስመጣች። እያንዳንዱ መርከብ ገንዘብም ውክልናም ይዞ ነበር የሚገባው።

የግብሩስ ነገር? እሱ ነው የሚያናድደው። ፌዴራል መንግሥቱ ገቢውን ያገኝ የነበረው በአብዛኛው ከቀረጥ ነው። በሕዝብ ብዛት የሚደለደል ቀጥታ ግብር መጀመሪያ የተጣለው በ1798 ነው፣ 2 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ ወዲህ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ያለው በጣት የሚቆጠር ነው። ወንበሩ ግን በየምርጫው አለ። ደቡቦቹ ዋጋውን ሳይከፍሉ ዕቃውን ወሰዱት።

ጉዳዩ ምክር ቤቱ ላይም አላቆመም። ሐምሌ 19 ቀን ፕሬዚዳንቱ እንዴት ይመረጥ ሲባል ማዲሰን በሕዝብ ቢመረጥ የተሻለ ነው ካለ በኋላ አንድ ችግር አለ አለ። በሰሜን መራጩ ብዙ ነው፣ ደቡቦቹ ደግሞ በቀጥታ ምርጫ ከሆነ በጥቁሮቹ ምክንያት የሚያገኙት ተጽዕኖ አይኖራቸውም። ለዚህ በአማላጅ መራጮች መምረጥ ይሻላል። ዛሬ በየአራት ዓመቱ ግራ የሚያጋባን ኤሌክቶራል ኮሌጅ የተሠራበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፣ ሌሎችም ነበሩ። ግን የአንድ ግዛት አማላጅ መራጮች ቁጥር የሚሠራው ከምክር ቤት ወንበሯና ከሁለቱ ሴናተሮቿ ስለሆነ፣ ሦስት አምስተኛው በዚያው በኩል ፕሬዚዳንቱን ወደ መምረጥ ገባ።

በ1800 ምርጫ ታየ። ከአማላጅ መራጮቹ ድምፅ የቨርጂኒያው ቶማስ ጀፈርሰን 73፣ የማሳቹሴትሱ ጆን አዳምስ 65 አገኙ። ልዩነቱ 8 ነው። አሁን ያንኑ የ33,000 ስሌት ይዘን እንየው። ቨርጂኒያ 6 ትርፍ አላት፣ ሳውዝ ካሮላይና 2፣ ጆርጂያ 1፣ ኬንታኪ 1፣ ባርነት ገና ያልቀረባት ኒው ዮርክም 1። እነዚህ አምስቱ ግዛቶች ድምፃቸውን በሙሉ የሰጡት ለጀፈርሰን ነው። 73 ላይ 11 ስትቀንሱ 62 ይቀራል። ሜሪላንድና ኖርዝ ካሮላይና እያንዳንዳቸው 2 ትርፍ ነበራቸው፣ ግን ድምፃቸው ለሁለቱ ተከፋፍሏል። እኩል ከሁለቱም ላይ ብንቀንሰው 63 ለ60 አዳምስ ያሸንፋል። የታሪክ ሰዎችም በየራሳቸው መንገድ አስልተው በአብዛኛው እዚሁ ይደርሳሉ። በነጻነት አዋጁ ላይ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የሚለውን ዝነኛ ቃል የጻፈው ሰው ወደ ፕሬዚዳንትነት የገባው፣ እሱና ጎረቤቶቹ በባርነት በያዟቸው ሰዎች ቁጥር ነው። ከ1789 እስከ 1825 ባሉት 36 ዓመታት ለ32ቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት የቨርጂኒያ ሰዎች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ ላይ ስለተጻፈ ማንም ማጭበርበር ሊለው አይችልም።

ከዚያ በኋላም ትርፉ አደገ። ከ1820 ቆጠራ በኋላ ለ40,000 ሰው አንድ ወንበር ሲሆን፣ በባርነት የተያዙት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በግርድፉ ስታሰሉት 23 ወንበር ያህል ይሆናል። በ1830 እነ ቼሮኪን፣ የአገሩን ነባር ሕዝቦች፣ ከመሬታቸው የሚያፈናቅለው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው 102 ለ97 ነው። በ5 ድምፅ። በሌላ ሕዝብ ላይ የተሠራውን ግፍ ሳይቀር ይህ ስሌት አቅፎታል።

በ1865 ባርነት ሲያበቃ ሌላ ጉድ ተከተለ፣ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ነጻ ወጡ፣ ስለዚህ ሙሉ ሊቆጠሩ ነው። ቀድሞ ያልተቆጠረው ሁለት አምስተኛ፣ ማለትም የ1.6 ሚሊዮን ሰው ያህል፣ አሁን በደቡብ ግዛቶች ላይ ይደመራል። ጦርነቱን የተሸነፉት በወንበር ሊያተርፉ ሆነ። ነጻ የወጡት ካልመረጡ በስተቀር የድሮው ነገር ብሶ ሊመለስ ነው። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ለዚህ መድኃኒት ያለውን አስገባ። ሁሉም ሰው ሙሉ ይቆጠራል፤ አንድ ግዛት 21 ዓመት የሞላቸውን ወንድ ዜጎች እንዳይመርጡ ከከለከለ ግን በዚያው መጠን ውክልናው ይቀነሳል።

ለጥቂት ዓመታት ሠራ። የሚሲሲፒ ጥቁሮች መረጡ፣ በባርነት የተወለደው ጆን ሊንች ሚሲሲፒን ወክሎ ኮንግረስ ገባ፣ በመሐል ቢቋረጥም እስከ 1883 ድረስ አገለገለ። በ1890 ግዛቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። የነፍስ ወከፍ ግብር፣ የንባብ ፈተና። ስለ ምርጫ በሚናገረው ክፍል ውስጥ ጥቁር የሚል ቃል አልጻፉም፣ እንደ ፊላደልፊያዎቹ ሁሉ ቃሉን ሸሹት። ያኔ ከሚሲሲፒ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር። ሁሉም እንደ ሙሉ ሰው ተቆጠሩ፣ ከሞላ ጎደል ማንም አልመረጠም። አምስት አምስተኛ ተቆጥሮ ዜሮ ድምፅ፣ ማዲሰን ካቀረበው የባሰ። ውክልናን የሚቀንሰው የ14ኛው ማሻሻያ አንቀጽ በሚሲሲፒም ሆነ በሌላ ግዛት ላይ አንድ ቀን ተፈጽሞ አያውቅም።

የመምረጥ መብት ሕጉ በ1965 ወጣ። ከሊንች በኋላ ሚሲሲፒ ሁለተኛ ጥቁር ተወካይ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የላከችው በ1986 ምርጫ ነው። ማይክ ኤስፒ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጥር 1987 ነው፣ ጉባኤው ፊላደልፊያ ላይ በተቀመጠ በ200ኛው ዓመት።